ዝናብ የወሰደው የትምህርት ቀን በማን ሒሳብ ይቆጠራል?

ሪያድ፦ በምዕራብ ሪያድ፣ ወደ ወዲ ሐኒፋ ሸለቆ ተጠግቶ በሚገኘው የባዲዓ ሰፈር፣ ሰማዩ በደመና ሲጠቁር የወላጆች ዓይን ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ስልካቸውም ይመለከታል። የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ማዕከል የማስጠንቀቂያ ቀለሙን ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ፣ ከብርቱካናማ ወደ ቀይ ሲያሳድግ ቀጥሎ የሚጠበቀው የትምህርት አስተዳደሩ አጭር መግለጫ ነው፤ ነገ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት አይመጡም፣ ትምህርቱ በ«መድረሰቲ» መድረክ ከቤት ይቀጥላል የሚል።

መግለጫው ሁለት መስመር ቢሆንም በውስጡ የያዘው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። ልጁ በክፍሉ ያልተገኘበት ቀን እንደ ትምህርት ቀን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ካልተቆጠረ ማን ያካክሰዋል? ከተቆጠረስ ልጁ በዚያ ቀን በእርግጥ ተምሯል ወይ? ዓለም በየጊዜው በጎርፍ፣ በመሬት መንቀጥቀጥና በማዕበል እየተፈተነ ባለበት በዚህ ዘመን ይህ ጥያቄ ከሪያድ እስከ አንካራ፣ ከኢስላማባድ እስከ አዲስ አበባ የትምህርት ኃላፊዎችን ሲያሟግት ቆይቷል። የተሰጡት መልሶችም የተለያዩ ናቸው።

በበረሃ ከተማ ጎርፍ ለምን ያስፈራል?

የሪያድ ዓመታዊ የዝናብ መጠን በአማካይ ከ100 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ይህ አኃዝ ለኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪ አንድ የሐምሌ ሳምንት የሚያፈስሰው ሊመስለው ይችላል። አስቸጋሪው ነገር የመጠኑ ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን አመጣጡ ነው። የዓመቱ ዝናብ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በጥቂት ሰዓታት ይወርዳል። ደረቁ መሬት ውኃውን ቶሎ አይመጥም፤ አስፋልቱ ደግሞ ከነጭራሹ አይቀበለውም። ውኃው ዝቅ ወዳሉት መንገዶችና የመሬት ውስጥ መተላለፊያዎች ይሮጣል፤ ከዚያም መንገዱን ፈልጎ ወደ ሸለቆው ይወርዳል።

ወዲ ሐኒፋ ከጡወይቅ ከፍታዎች ተነሥቶ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚዘልቅ የከተማዋ ዋነኛ የተፈጥሮ ፍሳሽ መንገድ ነው። ለዓመታት የግንባታ ፍርስራሽና ቆሻሻ ሲጣልበት ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በተካሄደ ሰፊ የማገገሚያ ሥራ ተጠርጎ ተስተካክሏል፤ ሥራውም በ2010 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አግኝቷል። የዚህ ሥራ አንዱ ዓላማ ጎርፍ ሲመጣ ሸለቆው የተፈጥሮ ተግባሩን እንዲወጣ ማድረግ ነበር። ይሁን እንጂ ሸለቆው ቢጠረግም ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ለሰዓታት በውኃ ሊያዝ ይችላል፤ የተማሪዎች አውቶቡስም በዚያው መንገድ ያልፋል።

በዚህ ረገድ ጂዳ ያየችው መከራ ለመላው አገሪቱ ትምህርት ሆኗል። በኅዳር 2009፣ ሐጃጆች ወደ ሚና በሚያመሩበት በዙልሒጃ 8 ቀን 1430 ሂጅራ፣ በከተማዋ የወረደው ዝናብ ከ100 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። በጥር 2011 ጎርፉ ሲደገም ደግሞ ቀኑ የሥራ ቀን ስለነበር ብዙ ተማሪዎችና መምህራን በትምህርት ቤቶቻቸው እንዳሉ በውኃ ተከበቡ። በኅዳር 24 ቀን 2022 በደቡባዊ ጂዳ በስድስት ሰዓት ውስጥ 179 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲመዘገብ ግን በጂዳ፣ በራቢግና በኹለይስ ትምህርት ቤቶች አስቀድመው ተዘግተው ነበር። በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ልዩነት በሰው ልጅ ሕይወት የሚለካ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መዝጋት ተገቢ መሆኑ ዛሬ አከራካሪ አይደለም። ክርክሩ ያለው ከመዝጋቱ በኋላ በሚመጣው ነገር ላይ ነው።

ሦስት መንገዶች

አደጋ የትምህርት ቀናትን ሲወስድ መንግሥታት በአብዛኛው ከሦስት መንገዶች አንዱን ይመርጣሉ። የመጀመሪያው ቀናቱን መተው ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው የቀናት ብዛት ባይሟላም እንደተሟላ ይቆጠራል። ሁለተኛው ማካካስ ነው፤ ቅዳሜ፣ የዕረፍት ጊዜ ወይም የዓመቱ መጨረሻ ለትምህርት ይውላል። ሦስተኛው ማዛወር ነው፤ ትምህርቱ በዕለቱ ይቀጥላል፣ ቦታው ግን ከክፍል ወደ ቤት ይቀየራል።

የመጀመሪያው መንገድ በግልጽ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። እዚያ አብዛኞቹ ግዛቶች ትምህርት ቤቶች በዓመት 180 ገደማ ቀናት እንዲያስተምሩ በሕግ ያስገድዳሉ። የሰሜን ካሮላይና ሕግ ለምሳሌ 185 ቀናት ወይም 1,025 ሰዓታት ይጠይቃል። በ2018 ፍሎረንስ የተባለው ማዕበል ግዛቱን ሲመታ የግዛቱ ምክር ቤት በአደጋው ቀጣና ላሉ 28 አውራጃዎች እስከ 20 የትምህርት ቀናት እንዲተዉላቸው ፈቀደ። በ2024 ከሄሊን ማዕበል በኋላም ተመሳሳይ ሕግ ወጥቷል። የውሳኔው መነሻ ርኅራኄ ነው፤ ቤቱ በጎርፍ የተወሰደበትን መምህርና ተማሪ ለጎደሉት ቀናት ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲመጣ ማስገደድ አግባብ አይደለም የሚል። ነገር ግን የተተወው ቀን ነው እንጂ በዚያ ቀን ሊሰጥ የነበረው የሒሳብ ትምህርት አይደለም። ሕግ አውጪው ቀኑን ሊሰርዝ ይችላል፤ ልጁ ያልተማረውን ክፍልፋይ ግን ሊሰርዝለት አይችልም።

ቱርክ በየካቲት 6 ቀን 2023 ከደረሰባት ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የወሰደችው እርምጃ በዚህ ነጥብ ላይ ይለያል። በአደጋው ቀጣና የመገኘት ግዴታን ከማንሳት አልፋ፣ በዚያ ዓመት የስምንተኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚቀመጡባቸው አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተናዎች የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ትምህርት እንዳያካትቱ አደረገች። ይህም ማለት ቀኑ ሲተው ከቀኑ ጋር የታሰረው የፈተና ሸክምም አብሮ ተቀነሰ። ልጁ ባልተማረው አልተለካም። ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ሆኖም ያልተማረው ነገር ለቀጣዩ ክፍል መሠረት ከሆነ ዕዳው ወደፊት መከተሉ አይቀርም።

የፓኪስታን ማስጠንቀቂያ

ዕዳው እንዴት እንደሚከተል በግልጽ ያሳየው የፓኪስታን ጉዳይ ነው። በጥቅምት 8 ቀን 2005፣ በረመዷን ወር፣ በማለዳ የትምህርት ሰዓት፣ ሰሜናዊ ፓኪስታንንና ካሽሚርን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ70 ሺህ በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በርካታ ትምህርት ቤቶችም በተማሪዎች ላይ ተደረመሱ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ አንድራቢ፣ ዳንኤልስና ዳስ ወደ አካባቢው ተመልሰው ቤተሰቦችን አጠኑ። ካሳና እርዳታ በስፋት ስለደረሰ ቤቶች ተጠግነዋል፤ የአዋቂዎች ኑሮም ከሞላ ጎደል አገግሟል። የልጆቹ የፈተና ውጤት ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር።

ከስንጥቁ አቅራቢያ ይኖሩ የነበሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ የራቁት በአማካይ ለ14 ሳምንታት ገደማ ብቻ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ከሌሎች እኩዮቻቸው ወደ ኋላ የቀሩት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ የትምህርት መጠን ነው። የጎደለው ሦስት ወር ከሆነ የቀረው ክፍተት ከየት መጣ? የተመራማሪዎቹ ግምት የሚከተለው ነው፦ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ መምህራን የቀጠሉት ልጆቹ ካቆሙበት ሳይሆን ሥርዓተ ትምህርቱ ሊደርስበት ከሚገባው ቦታ ነበር። ያልገባውን ተዘልሎ የሚቀጥለውን የተማረ ልጅ ደግሞ ቀጣዩም አይገባውም። ክፍተቱ የተፈጠረው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ ነው፤ የሰፋው ግን ከተከፈተ በኋላ ነው።

ጥናቱ ሌላም የሚያጽናና ነገር አግኝቷል። እናታቸው ቢያንስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀችላቸው ልጆች ይህ ጉዳት አልታየባቸውም። የተማረች እናት ልጇ የጎደለውን ቤት ውስጥ ሞልታለች ማለት ነው። ይህ ግኝት የሴት ልጅ ትምህርት የሚያስገኘው ጥቅም በእርሷ ብቻ እንደማያበቃ፣ በመከራ ቀንም ለልጆቿ ጋሻ እንደሚሆን ያስረዳል። በሌላ በኩል ደግሞ እናቱ ያልተማረች ልጅ ከማንም ይበልጥ የትምህርት ቤት ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ያሳስባል።

የሳዑዲ ምርጫ፦ መገኘት ይቀራል፣ ትምህርቱ አይቀርም

ሳዑዲ ዓረቢያ ዛሬ በዋናነት የምትከተለው ሦስተኛውን መንገድ ነው። ወደዚህ ያደረሳት የኮሮና ወረርሽኝ ነበር። በመጋቢት 2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የትምህርት ሚኒስቴሩ የወሰነው ሁሉም ተማሪዎች ወደ ቀጣዩ ክፍል እንዲዛወሩ ነበር፤ ይህ በተግባር ቀናትን የመተው ውሳኔ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ግን «መድረሰቲ» የተባለው ብሔራዊ መድረክ ሥራ ጀመረ። ከዚያም መለስተኛና ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በነሐሴ 2021፣ የአንደኛ ደረጃና የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች በጥር 2022 ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ መድረኩ አልተዘጋም። ለዝናብና ለጎርፍ ቀን መጠባበቂያ ሆኖ ቀረ። ኮምፒዩተር ለሌላቸውም «ዐይን» የተሰኙት የሳተላይት የትምህርት ጣቢያዎች አሉ።

የዚህ አካሄድ መንፈስ ለሙስሊም አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ሙአዚኑ ሰዎች በየቤታቸው እንዲሰግዱ የሚያስታውቅበት ሱና አለ። በዚያ ሩኽሳ የተነሣው ወደ መስጂድ የመሰብሰብ ግዴታ እንጂ ሶላቱ ራሱ አይደለም። በትምህርቱም እንዲሁ የሚነሣው መገኘት ነው፤ ትምህርቱ በቤት ይቀጥላል ተብሎ ይታሰባል።

የቀናት ብዛት ጉዳይም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አገሪቱ ከ1443 ሂጅራ ጀምሮ ስትሠራበት የቆየችውን በሦስት ክፍለ ዘመን የተከፈለ የትምህርት ዓመት ትታ ከ1447 ሂጅራ፣ ማለትም ከ2025–26 ጀምሮ፣ ወደ ሁለት መንፈቀ ዓመት ስትመለስ የ180 ቀን ዝቅተኛ መጠን እንደሚጠበቅ ተገልጿል። የዝናብ ቀን ወደ ቤት የሚዛወር ትምህርት ሆኖ ሲቆጠር ይህ መጠን ሳይሸራረፍ ይቆያል። የትምህርት ዓመቱ አይራዘምም፤ የዒድና የበጋ ዕረፍት አይነካም፤ ቲኬት የቆረጠ ቤተሰብም ጉዞውን አይሰርዝም። የአስተዳደር ጥቅሙ ግልጽ ነው።

የተቆጠረ ቀንና የተማሩበት ቀን

ይሁን እንጂ ቀን መቆጠሩና በቀኑ መማር አንድ አይደሉም። እንደ ባዲዓ ባሉ የመጻተኛ ሠራተኞች ቤተሰቦች በሚበዙባቸው ሰፈሮች ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በቤቱ ያለው አንድ ስልክ ከሆነና ልጆቹ ሦስት ከሆኑ፣ የሦስቱም ክፍለ ጊዜ ደግሞ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ከሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይማራል። ስልኩ የአባት ከሆነና አባት ሾፌር ከሆነ ደግሞ ከማታ በፊት ስልኩ ቤት አይገባም። እናት በሰው ቤት የምትሠራ ከሆነች ትንሹን ልጅ መድረኩ ላይ የሚያስገባው ታላቁ ልጅ ነው፤ እርሱም የራሱን ትምህርት ትቶ። በመዝገቡ ላይ ሦስቱም «ተገኝተዋል» ሊባል ይችላል። በእርግጥ የተማረው ግን ምናልባት አንዱም ላይሆን ይችላል።

የቋንቋም ጉዳይ አለ። ዐረብኛ ማንበብ የማይችል ወላጅ በመድረኩ ላይ የተሰጠውን የቤት ሥራ ማየት ቢችል እንኳ ልጁን ሊረዳው አይችልም። ከፓኪስታን የተገኘው ትምህርት እዚህ ላይ ይመለሳል፤ ቤት ውስጥ የሚያግዘው ሰው የሌለው ልጅ አንድ ቀን ሲያጣ የሚያጣው አንድ ቀን ብቻ አይደለም።

ይህ ማለት የርቀት ትምህርት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በዓመት ውስጥ በዝናብ ምክንያት የሚያልፉት ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ከጎርፍ ሕይወት ማዳን ደግሞ ከማንኛውም ትምህርት ይቀድማል። አሳሳቢው ጉዳይ ጥቂቶቹ ቀናት በትክክል ካልተያዙ ተደማምረው ክፍተት መፍጠራቸው ነው። መፍትሔው ብዙ ወጪ የሚጠይቅም አይደለም። መምህሩ በዝናብ ቀን አዲስ ርዕስ ከመጀመር ይልቅ ያለፈውን ቢከልስ ያልተገኘ ልጅ የሚያጣው ይቀንሳል። ትምህርቱ ተቀድቶ ቢቀመጥ ስልኩ ማታ ቤት ሲገባ ሊታይ ይችላል። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ማግስት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ «ትናንት ማን ምን ተማረ?» ለሚለው ጥያቄ ቢውል ደግሞ መምህሩ የሚቀጥለው ልጆቹ ካሉበት ይሆናል። ወላጅ በበኩሉ በማግስቱ ለትምህርት ቤቱ የሚያቀርበው ጥያቄ «ቀኑ ተቆጠረ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ልጄ ያመለጠው ምንድን ነው?» የሚልም መሆን ይኖርበታል።

የክረምት አገር ልጆች በበጋ ዝናብ አገር

ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች በዚህ ጉዳይ ላይ የተለየ ትዝታ አላቸው። የኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን መስከረም ተከፍቶ ሰኔ የሚዘጋው ከክረምቱ ጋር ተመክሮ ነው ማለት ይቻላል። ወንዝ የሚሞላበት፣ መንገድ የሚቆረጥበትና ልጅ በእርሻ የሚፈለግበት ወቅት የዕረፍት ጊዜ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሲቀብር ትምህርት ቤቶች በዕረፍት ላይ ነበሩ። ሐዘኑ ከባድ ቢሆንም የትምህርት ካላንደሩ አልተነካም።

ሪያድ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ ዝናብ የሚወርደው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት፣ ልክ ትምህርት በሚጧጧፍበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለአንድ የወሎ ወይም የሐረር ተወላጅ ወላጅ «በዝናብ ምክንያት ትምህርት የለም» የሚለው መልእክት መጀመሪያ ላይ እንግዳ ቢሆንበት አይገርምም፤ እርሱ ያደገው ዝናብና ትምህርት በማይገናኙበት የዘመን ቆጠራ ነውና።

ይህ የኢትዮጵያ ጥበቃ ግን ለሁሉም የሚሠራ አይደለም። በሶማሌ ክልል ዋነኞቹ ዝናቦች የሚጥሉት በመጸውና በበልግ፣ በትምህርት ወራት ውስጥ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የሸበሌ አካባቢን ያጥለቀለቀው ጎርፍም በዚያው ወቅት የመጣ ነው። በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና አካባቢው በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው ሲያፈናቅል ልጆቹ ከመማሪያ ክፍላቸው የወጡት በዓመቱ መካከል ነው። መሬት መንቀጥቀጥ ክረምትና በጋ አይመርጥም። በእነዚህ ስፍራዎች ከድንኳን ውስጥ በ«መድረክ» መማር የሚታሰብ አይደለም፤ ያለው ምርጫ መተው ወይም ማካካስ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የራሷ ልምድ አላት። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። ከስምንተኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ተማሪዎች ያለ ፈተና እንዲያልፉ ሲወሰን፣ ትምህርት ሲከፈት ላልተሸፈነው ክፍል የ45 ቀናት ማካካሻ እንዲሰጥ ታቅዶ ነበር። የዕቅዱ አፈጻጸም ከቦታ ቦታ ቢለያይም ሐሳቡ ትክክለኛውን ነጥብ ይዟል፤ ልጁን በክፍል ማሳለፍ አንድ ነገር ነው፣ ያመለጠውን መመለስ ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ማጠቃለያ

ከአምስቱ አገሮች ተሞክሮ የሚገኘው መደምደሚያ አንድ ነው። አደጋ ሲመጣ ቀኑን መተው ምሕረት ነው፤ ቀኑን ወደ ቤት ማዛወር ብልኃት ነው። ሁለቱም ግን ልጁ ያልተማረውን ነገር አይሞሉም። የሚሞላው ትምህርት ቤት በተከፈተ ማግስት መምህሩ ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው ውሳኔ ነው።

ሪያድ የመጀመሪያውን ፈተና፣ ማለትም ልጆችን ከጎርፍ መንገድ የማራቁን ጉዳይ፣ አስቀድሞ በሚሰጥ ማስጠንቀቂያና በተዘጋጀ መድረክ ለመመለስ ችላለች። ሁለተኛው ፈተና የሚታየው ደመናው ከተገፈፈ በኋላ ነው። በባዲዓ ጎዳናዎች ውኃው በአንድ ቀን ይደርቃል። አንድ ስልክ ለሦስት በተጋሩ ልጆች ደብተር ላይ ባዶ የቀረው ገጽ ግን በራሱ አይሞላም፤ መምህር የሚጠይቀው፣ ወላጅ የሚከታተለው፣ ትምህርት ቤትም ቦታ የሚሰጠው ሲሆን ብቻ ይሞላል።